«ይሄን መስመር ለምን ጻፍከው?»



ባለፈው ወር በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፋይል ተለቀቀ። የሲሲኤንኤ «ዳምፕ» ነው፤ የኔትወርክ ፈተናውን የወሰዱ ሰዎች በቃላቸው ይዘው የወጡት የጥያቄና መልስ ስብስብ ማለት ነው። ከሥሩ «ጀዛከላሁ ኸይር» የሚል ምስጋና ተደረደረ። እኔም አየሁት፤ ዝም ብዬ አለፍኩ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ዝምታ እረፍት ስለነሳኝ ነው። ፋይሉን የለቀቀውን ወንድም ለመውቀስ አይደለም። በመልካም ኒያ እንዳደረገው አውቃለሁ። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ ዓይነት ፋይል በፍላሽ ይዤ ከዶርም ዶርም እየዞርኩ ሳድል የነበርኩት እኔው ነኝ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ዳምፕ ማሰራጨት ማቆም አለብን፤ ግሩፑ ላይ ያለውንም ማንሳት አለብን። አንደኛው ምክንያት ማጭበርበር መሆኑ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን አናስበውም። ራውተር የሚነካ ሰው የሌሎችን ጉዳይ በእጁ ይይዛል። የሚያልፍበት መረጃ የእሱ አይደለም፤ አማና ነው። ይህ እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ራውተር ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ለሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ነገሩን ላቅልለው። ራውተርን መናኸሪያ በር ላይ እንደቆመ ተራ አስከባሪ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ደሴ መናኸሪያ ያለው ተራ አስከባሪ የጅማን መንገድ ማወቅ አይጠበቅበትም። «ኮምቦልቻ በዚህ ሚኒባስ፣ ወልዲያ በዚያኛው፣ ከዚያ ውጭ ያለ ሁሉ በአዲስ አበባው አውቶቡስ» ካለ ሥራውን ጨረሰ። ጅማ የሚሄደውን መንገደኛ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ተራ አስከባሪ ይቀበለዋል፤ እሱም በተራው ቀጣዩን መኪና ያሳየዋል።

ራውተርም እንዲህ ያለ ዝርዝር አለው፤ ራውቲንግ ቴብል ይባላል። እያንዳንዱ መስመር የትኛው ኔትወርክ እንደሆነ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ፓኬቱም ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል። ስፋቱን የሚወስነው ማስክ ነው። ፓኬቱን የሚቀበለው ቀጣይ ራውተር ደግሞ ኔክስት ሆፕ ይባላል። «ከዚያ ውጭ ያለ ሁሉ» የሚለው መስመር ዲፎልት ራውት ነው፤ አድራሻውም ማስኩም 0.0.0.0 ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። ለአንድ አድራሻ ከአንድ በላይ መስመር ከተስማማ ይበልጥ ጠባብ የሆነው ያሸንፋል። ኮምቦልቻ በስሟ ተጽፋ ከተገኘች «ከዚያ ውጭ ያለ ሁሉ» የሚለው ጋ አይደረስም። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያ ቀን

አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ሲቪዬ ላይ ከአንድ ማሠልጠኛ ያገኘሁት የኔትወርክ ሰርተፊኬት ነበር፤ ውጤቱ ከ100 94። ያ 94 ከዳምፕ የመጣ ነው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን አውቀው ነበር። የአይቲ ኃላፊያችን ሰርተፊኬቱን አይተው አመኑኝ። ከእኔ ጋር ለመጡት ልጆች ኬብል ማንሳትና ፕሪንተር ማስተካከል ሲሰጣቸው ለእኔ የራውተሩን ፓስወርድ ሰጡኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ቀላል ነበር። ዋናው ቢሮ 192.168.10.0፣ ቅርንጫፉ 192.168.20.0። ሁለቱን ራውተሮች የሚያገናኘው መስመር በዋናው ቢሮ በኩል 10.0.0.1፣ በቅርንጫፉ በኩል 10.0.0.2 ነው። ቅርንጫፉ ኢንተርኔት የሚያገኘው በዋናው ቢሮ በኩል ስለሆነ ዲፎልት ራውቱ ወደ 10.0.0.1 ያመለክታል። የዋናው ቢሮ ዲፎልት ራውት ደግሞ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ያመለክታል።

ቅርንጫፉ አንድ ፎቅ ጨመረና ለአዲሱ ፎቅ 192.168.30.0 ተሰጠው። የእኔ ሥራ የዋናው ቢሮ ራውተር አዲሱን ፎቅ እንዲያውቀው ማድረግ ነበር። አንድ መስመር ብቻ መጻፍ ነው።

ዳምፑ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ ራውተሩ ወደማያውቀው ኔትወርክ ፓኬት እንዲልክ የትኛውን ትእዛዝ ትጽፋለህ? መልሱ «ሐ» ነበር፤ ዲፎልት ራውት። እኔም አሰብኩ፦ አዲሱን ፎቅ ራውተሩ አያውቀውም፤ እንግዲያው መልሱ «ሐ» ነው። «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 10.0.0.2» ብዬ ጻፍኩ። ወደ አዲሱ ፎቅ አንድ ጊዜ ፒንግ አደረግኩ፤ መለሰ። ሴቭ አደረግኩና ለዙህር ሶላት ወጣሁ።

ስመለስ ቢሮው ታውኳል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ጨርሶ አልጠፋም። አንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው አይከፈትም። ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ሲስተም በአንደኛዋ ሠራተኛ መስኮት ይሠራል፣ አጠገቧ ባለችው መስኮት አይሠራም። ሰልፉ እስከ ደጅ ወጥቷል። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣቸው በየደቂቃው ሰዓት ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ራውተሩን ጠርጥሬ እንኳ አላየሁትም፤ ፒንጉ መልሶልኛላ!

ኃላፊያችን ከአንዱ ኮምፒውተር ትሬስራውት ሠሩ። ስክሪኑ ላይ 10.0.0.2፣ 10.0.0.1፣ 10.0.0.2፣ 10.0.0.1 እያለ ይደጋገማል። ያኔ ገባቸው። ራውተሩ አሁን ሁለት «ከዚያ ውጭ ያለ ሁሉ» አለው፤ አንዱ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው፣ አንዱ ወደ ቅርንጫፉ። ሁለቱ እኩል ደረጃ ስላላቸው ራውተሩ ጉዞዎቹን እንደ ላኪውና እንደ ተቀባዩ አድራሻ ለሁለቱ ያካፍላቸዋል። ወደ ቅርንጫፉ የተላከው ፓኬት እዚያ ሲደርስ ቅርንጫፉ «ይህን አላውቀውም» ብሎ በራሱ ዲፎልት ራውት ወደ ዋናው ቢሮ ይመልሰዋል፤ ዋናው ቢሮ ደግሞ እንደገና ይልከዋል። ሁለት ተራ አስከባሪዎች አንዱን መንገደኛ «እዚያ ሂድ፣ እዚያ ሂድ» እያሉ ሲያመላልሱት እንደማለት ነው። ፓኬቱ ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለው፤ በእያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀነስበታል፣ ሲያልቅ ይጣላል። ዊንዶውስ ከ128 ይጀምራል። እያንዳንዱ የጠፋ ጥያቄ በሁለቱ ራውተሮች መካከል ከመቶ ጊዜ በላይ ተመላልሶ ነው የሞተው። የእኔ ፒንግ የመለሰውም ዕድል ሆኖ በትክክለኛው በኩል ስለወጣ ነው።

ኃላፊያችን ኮንፊገሬሽኑን ከፈቱ፣ እኔ የጻፍኩት ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «ይሄን መስመር ለምን ጻፍከው?» አሉኝ። አልተቆጡም። በእርግጥ ምክንያቱን ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት። መልስ አልነበረኝም። «መልሱ ሐ ስለሆነ» አይባል።

ከፊቱ «ኖ» ጨምረው መስመሩን ሰረዙና በምትኩ «አይፒ ራውት 192.168.30.0 255.255.255.0 10.0.0.2» ጻፉ። ለአዲሱ ፎቅ በስሙ፣ በልኩ፣ ለእሱ ብቻ። ሁሉም ወዲያው ተስተካከለ። ሰልፉ ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቆሟል። የእኚያን እናት መኪና ነገር አላወቅኩም፤ ተመልሼ ሳይ ሄደዋል።

«ለምን ዶማ ሆነ?»

ያ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ያደግኩት ጧት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየዋልኩ ነው። ነህው ስንቀራ ኡስታዛችን ጣታቸውን የቃሉ መጨረሻ ላይ አድርገው «ለምን ዶማ ሆነ?» ይሉናል። ዶማውን በትክክል ማንበብ አይበቃም። «ፋዒል ስለሆነ» ማለት አለብን። «እንዲያ ስለሰማሁት ነው» ያለ ልጅ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሳናውቅ የመታነው መልስ በእሳቸው ዘንድ ከስህተት አይሻልም ነበር። ጧት በምማርበት ትምህርት ቤት ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አለ፤ ከአራቱ አንዱን ካጠቆርክ ለምን ብሎ የሚጠይቅህ የለም። እኔም የመድረሳውን ጠባይ መድረሳ ትቼው፣ የጧቱን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

መሸምደድን እያጣጣልኩ አይደለም። እኛ በቃል መያዝን የምናከብር ሰዎች ነን። ነገር ግን ሒፍዝ የሚያደርግ ልጅ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ኢጃዛ የሚሰጡት ሸኽም ተማሪውን ሰምተው፣ ጠይቀው፣ ስማቸውን አስይዘው ነው የሚሰጡት። ነገ ያ ተማሪ ቢያጠፋ «ማን ነው ያስቀራህ?» ይባላል። የእኔን 94 የሰማ ማንም አልነበረም። ወረቀቱ ግን ራውተር የሚያስነካ ወረቀት ሆነ።

ስህተትና አለማወቅ ይለያያሉ

አንድ ወንድም ይህን ስነግረው «የተማሩትም ይሳሳታሉ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ከዓረብ አገር እህቷ ዋትስአፕ ላይ መልእክት የምትጠብቅ እናት ሁሉ ያን ማታ ታስታውሰዋለች። ኩባንያው ራሱ እንዳብራራው በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን መስመር በሙሉ አቋረጠው። ከዚያ የኩባንያው የዲኤንኤስ ሰርቨሮች «ወደ እኛ የሚመጣ በዚህ በኩል» የሚለውን ማስታወቂያ ከዓለም ሰረዙት። መንገዱ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ሰርቨሮቹ ሳይበላሹ ማንም ሊደርስባቸው አልቻለም።

ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ እንዲዘጋ ታዘዘ። ለአገር ውስጥ ብቻ መቅረት የነበረበት መስመር ወደ ውጭ ወጣ። ዩቲዩብ ለዓለም ያሳወቀው 208.65.152.0 በ/22 ማስክ ነበር፤ ከፓኪስታን የወጣው 208.65.153.0 በ/24 ነው። የቅድሙን ሕግ አስታውሱ፤ ጠባቡ ያሸንፋል። የዓለም ራውተሮች ጠባቡን ተከተሉና ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል በአብዛኛው ዓለም ጠፋ። ዩቲዩብም መንገዱን ለማስመለስ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ያው ሕግ ነበር፤ ከ/24 የጠበቡ ሁለት የ/25 መስመሮችን አወጀ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ መሐንዲሶች ችግሩን ያገኙትና ያስተካከሉት እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቁ ነው። የሚያውቅ ሰው ሲሳሳት መመለሻውን ይፈልጋል። የሸመደደ ሰው ግን መሳሳቱንም አያውቅም። እኔ ያን ቀን ራውተሩ አጠገብ ቆሜ ኬብል ስነቅልና ስሰካ ነበር።

የሚነሱት ክርክሮች

«ፈተናው ውድ ነው» ይባላል። ልክ ነው፤ የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። ይህ በብር ሲመነዘር የብዙዎቻችን ቤተሰብ ለወራት የሚኖርበት ገንዘብ ነው። «አንዴ ወድቄ እንደገና መክፈል አልችልም» የሚለውን ወንድም ጭንቀት እረዳለሁ። ነገር ግን ተፈታኙ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን ለሌላ ላለማውጣት ይስማማል። ዐህድ ነው። ዳምፕ ያ ዐህድ ፈርሶ የተገኘ ነገር ነው፤ የእኛ መቸገር የሌላውን ዐህድ ማፍረስ ሐላል አያደርገውም።

«ሁሉም ያደርገዋል፤ እኛ ብቻ ለምን እንቅር?» ይባላል። እኔ በ94ቱ ምክንያት ራውተር ሲሰጠኝ አብሮኝ የነበረ አንድ ልጅ ፕሪንተር ላይ ቀረ። ሰርተፊኬት አልነበረውም፤ ሰብኔት ግን በወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ያሰላ ነበር። ያን ቀን ራውተሩ የእሱ ቢሆን ኖሮ ሰልፉ አይቆምም ነበር ብዬ አስባለሁ። የወሰድኩት የእሱን ቦታ ነው። «ሁሉም» ስንል እንዲህ ያሉትን ልጆች እየረሳን ነው።

«ራውተርን ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» ያለኝም አለ። ሥራን አሳምሮ መሥራት፣ ባለጉዳይን አለማጉላላት፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት፤ እነዚህን መድረሳ ነው የተማርኳቸው። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ የሚቀሩ አይመስለኝም።

ምን እናድርግ?

የጀመዓውን የትምህርት ዘርፍ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፋይሉ ከግሩፑ ይነሳ፤ ለምን እንደተነሳም ይነገር። ሁለተኛ፣ በምትኩ ቂርአት እናቋቁም። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የሲስኮ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ራውተር ሳንገዛ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ራውተር ማገናኘት እንችላለን። ሁለት አሮጌ ላፕቶፕ ያለውም በሊኑክስ ይሞክር። ሊኑክስ እንደተጫነ የሌላ ሰው ፓኬት አያሳልፍም፤ አይፒ ፎርዋርዲንግ የሚባለውን ከ0 ወደ 1 መለወጥ ያስፈልጋል። ይህችን አንድ ቁጥር ለውጦ ኔትወርኩ ሲገናኝ ማየት ብዙ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል።

አካሄዱ እንደ መድረሳው ይሁን። ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አንዱ ኔትወርክ ያበላሻል፣ ሌላው ይፈልጋል፣ ያገኘው በሁሉም ፊት ያሰማል። የምንጠይቀውም «ለምን?» ብቻ ነው። እህቶችም በሚመቻቸው ሰዓት የራሳቸውን ቢያደርጉ ፋይሎቹን አዘጋጅቼ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው፣ አንድም የራውት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

ይህ መስመር የሚመለከተው የትኛውን ኔትወርክ ነው? ማስኩስ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቶ ይሆን? የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር።

ፓኬቱን የምሰጠው ለማን ነው? ያ አድራሻ ከእኔ ራውተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል? እሱስ ከተቀበለ በኋላ ወዴት ይልከዋል?

መልሱ በየት ይመለሳል? ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የመሄጃውን ጽፎ የመመለሻውን ይረሳል። ፓኬቱ በሰላም ይደርሳል፤ ወዲያኛው ራውተር ላይ የመመለሻ መስመር ስለሌለ መልሱ ይጠፋል። ከዚያ «አልሠራም» እንላለን።

ደግሞም ከመንካታችሁ በፊትና ከነካችሁ በኋላ «ሾው አይፒ ራውት» ብላችሁ ዝርዝሩን አነጻጽሩ። የእኔ ሁለት ዲፎልት ራውት በዚህ ትእዛዝ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ይታይ ነበር። ሩቅ ያለ የሲስኮ ራውተር የምትነኩ ከሆነ መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ስህተት ሠርታችሁ ግንኙነቱ ቢቋረጥባችሁ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አስነስቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሁሉ ነገር ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» ብላችሁ ታስቀሩታላችሁ፤ ሴቭ የምታደርጉትም ያኔ ነው። እኔ በአንድ ፒንግ ብቻ ሞክሬ ሴቭ አድርጌ ነው ለሶላት የወጣሁት።

ለኃላፊያችን የሰርተፊኬቱን ነገር የነገርኳቸው ኢንተርንሺፑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ተማር» አሉኝ። ሰርተፊኬቱን ከሲቪዬ አውጥቼዋለሁ። ዘንድሮ ሥራ የምፈልገው ያለ እሱ ነው፤ ቀላል አይደለም። ፋይሉን ካደልኳቸው ልጆች ያገኘኋቸውን በየተራ አነጋግሬያለሁ፤ የሁለቱን ስልክ ግን አጥቼዋለሁ። ይህን ካነበቡ እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ይምጡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።